ሲሞቅ የሚንቀጠቀጥ ሞተር፦ የአሮጌው ቱርቦ መኪና ታሪክና ምርመራ

በናይሮቢ ሰሜናዊ ዳርቻ፣ ከካሩራ ደን ባሻገር በሚገኘው የሩንዳ መንደር፣ ብዙ ባለ መኪና የሚያውቀው አንድ ሕመም አለ። ዕድሜው ሃያ ዓመት ያለፈው የጃፓን ወይም የስዊድን ሥሪት ቱርቦ መኪና በማለዳ ሲነሣ ሞተሩ ያለ አንዳች እንከን ይሠራል። ከኪያምቡ መንገድ መጨናነቅ ወጥቶ ሲመለስና ዘበኛው የግቢውን በር እስኪከፍት ቆሞ ሲጠብቅ ግን ጠባዩ ይለወጣል። መሪው በእጅ ላይ ይርገበገባል፤ የዙር መቁጠሪያው መርፌ ከ800 ወደ 500 ይወርድና ተመልሶ ይወጣል፤ አንዳንዴም ሞተሩ ጨርሶ ይጠፋል። ነዳጅ ሲሰጡት ሕመሙ ይሰወራል። በማግስቱ ጠዋት ሞተሩ ቀዝቅዞ ሲነሣ ደግሞ እንደገና ጤነኛ ይሆናል።

ይህን ሕመም ብዙዎች በግምት ያክሙታል። በመጀመሪያ ካንዴላው ይለወጣል፤ ሳይሻለው ቦቢናው፣ ቀጥሎም የቤንዚን ፖምፓው፣ በመጨረሻም የተለወጠው ዕቃ ዋጋ ከመኪናው ዋጋ ጋር መወዳደር ሲጀምር መኪናው «አልታደለም» ተብሎ ለገበያ ይቀርባል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» እንደሚባለው ሁሉ፣ በሽታው ያልታወቀ ሞተርም መድኃኒት አያገኝም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የቱርቦ መኪና ከየት ተነሥቶ ወደ ናይሮቢ እንደ ደረሰ ባጭሩ ማውሳትና፣ ከዚያው ታሪክ ተነሥቶ ሕመሙ እንዴት እንደሚመረመር ማሳየት ነው። ሁለቱ የማይገናኙ ይመስላሉ፤ ነገር ግን መሣሪያው የተፈለሰፈበት ምክንያት፣ የምንኖርበት ከፍታና መኪናው ሲጠጣው የኖረው ቤንዚን ሁሉም በዚህ ሕመም ውስጥ እጃቸው አለበት። «ዓ.ም.» ከተባለው በቀር በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ለስስ አየር የተበጀ መሣሪያ

ቱርቦ ማለት ከሞተሩ በሚወጣው ትኩስ ጭስ ኃይል የሚሽከረከር መሣሪያ ነው። በአንድ ዘንግ ላይ ሁለት ባለ ክንፍ መዘውሮች ተገጥመዋል፤ አንደኛውን ጭሱ ያዞረዋል፣ ሁለተኛው ደግሞ ከውጭ የሚገባውን አየር አፍኖ ወደ ሲሊንደሮቹ ይገፋል። ብዙ አየር ሲገባ ብዙ ነዳጅ ማቃጠል ይቻላል፤ ትንሹ ሞተርም የትልቁን ያህል ጉልበት ይሰጣል። የስዊዘርላንዱ መሐንዲስ አልፍሬድ ቡኪ ለዚህ አሳብ የባለቤትነት መብት የጠየቀው በ1905 ነበር።

አሳቡ በተግባር የተፈተነው ግን በከፍታ ቦታ ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን የአውሮፕላን ሞተሮች ወደ ላይ በወጡ ቁጥር አየሩ እየሳሳ ጉልበታቸው ይደክም ነበር። አሜሪካዊው ሳንፎርድ ሞስ በ1918 አንድ ሊበርቲ የተባለ የአውሮፕላን ሞተር በጭነት መኪና አስጭኖ፣ 4,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው በኮሎራዶው የፓይክስ ፒክ ተራራ ጫፍ ላይ አስነሣው። በባሕር ጠለል 350 የፈረስ ጉልበት ይሰጥ የነበረው ሞተር በተራራው ላይ ወደ 230 ገደማ ወርዶ ተገኘ፤ ቱርቦ ሲገጠምለት ግን የባሕር ጠለሉን ጉልበት መልሶ አገኘ። እንግዲህ ቱርቦ ከመነሻው ስስ አየር የሚፈጥረውን ድካም ለመካስ የተሠራ መሣሪያ ነው። በናይሮቢና በአዲስ አበባ ከፍታ ለምንኖር ሰዎች ይህ ቁም ነገር ነው።

ቱርቦ ወደ ቤት መኪና የገባው በ1962 ሲሆን፣ ጄኔራል ሞተርስ ኦልድስሞቢል ጄትፋየርንና ሼቭሮሌት ኮርቬርን በዚያው ዓመት ለገበያ አቀረበ። የጄትፋየር ታሪክ ለዛሬም ትምህርት አለው። ያ መኪና በግፊቱ ብዛት ቤንዚኑ ያለ ጊዜው እንዳይፈነዳ የሜታኖልና የተጣራ ውሃ ድብልቅ የሚረጭበት የተለየ ጋን ነበረው። ባለቤቶቹ ጋኑን መሙላት እየዘነጉ መኪናው ጉልበት እያጣ ቢያስቸግር፣ ኩባንያው ቱርቦውን አውልቆ በተራ ካርቡራተር መተካት ጀመረ። መሣሪያው የሚያስፈልገውን ክብካቤ የማያውቅ ተጠቃሚ እጅ ሲገባ ጥፋተኛ ተብሎ የሚወገደው መሣሪያው ነው።

ከዚያ በኋላ ቢ.ኤም.ደብሊው በ1973 ባለ ቱርቦውን 2002 ሲያወጣ የነዳጅ ቀውስ ደረሰና ሽያጩ ገና ከጅምሩ ተቀጨ። ቱርቦን ለዘወትር አገልግሎት ያለመደው በ1977 ለሕዝብ የታየው የስዊድኑ ሳዓብ 99 ነው። ኒሳን በ1979 ሴድሪክና ግሎሪያ በተባሉት መኪኖቹ ላይ በመግጠም ጃፓንን ወደ ቱርቦው ዘመን አስገባ። ሱባሩም በ1989 ሌጋሲን፣ በ1992 ኢምፕሬዛን፣ በ1997 ፎሬስተርን እያከታተለ አወጣ። ዛሬ በናይሮቢ ጋራዦች ደጃፍ ተሰልፈው የምናያቸው አሮጌ ቱርቦዎች ባመዛኙ የእነዚህ ቤተሰቦች ናቸው።

ከሳፋሪ ውድድር እስከ ሞምባሳ ወደብ

የኬንያ ሕዝብ ቱርቦን ያወቀው አስቀድሞ በውድድር ነው። የሳፋሪ የመኪና ውድድር የንግሥት ኤልሳቤጥ ሁለተኛን የዘውድ በዓል ምክንያት በማድረግ በ1953 በኬንያ፣ በዩጋንዳና በታንጋኒካ መንገዶች ላይ ተጀመረ። ኬንያዊው ጆጊንደር ሲንግ በ1965 በቮልቮ፣ በ1974 እና በ1976 በሚትሱቢሺ ላንሰር ሲያሸንፍ መኪኖቹ ቱርቦ አልነበራቸውም። በዚያን ጊዜ አቧራው፣ ሙቀቱና ርቀቱ እንዲህ ያለውን ስስ መሣሪያ ይፈጀዋል ተብሎ ይታመን ነበር።

ይህን እምነት ያፈረሰው በ1984 ብዮርን ቫልደጎርድ በቶዮታ ሴሊካ ቱርቦ ያገኘው ድል ነው። በ1985 ዩሃ ካንኩነን፣ በ1986 ደግሞ ራሱ ቫልደጎርድ በዚያው ዓይነት መኪና ደገሙት። በ1987 ሃኑ ሚኮላ በአውዲ 200፣ በ1988 እና በ1989 ማሲሞ ቢያዝዮን በላንቻ ዴልታ አሸነፉ፤ ሁሉም ባለ ቱርቦ ነበሩ። ኬንያዊው ኢያን ደንከን በ1994 በቶዮታ ሴሊካ ሲያሸንፍ፣ በ1997 ኮሊን ማክሬ፣ በ2000 ሪቻርድ በርንስ ሰማያዊውን ሱባሩ ይዘው ድሉን ወሰዱ። በአገሬው ዘንድም ፓትሪክ ንጂሩ የሱባሩን ስም ከፍ አድርጎ አስጠራ። ውድድሩ ከ2002 በኋላ ከዓለም ሻምፒዮናው ወጥቶ በ2021 ተመለሰ።

ይህ ዝና በገበያው ላይ ፍሬ ያፈራው በ1990ዎቹ የውጭ ንግዱ ሲለቀቅ ነው። ያገለገሉ የጃፓን መኪኖች በሞምባሳ ወደብ በብዛት ይገቡ ጀመር። የኬንያ የደረጃዎች ቢሮ ከተመረቱ ከስምንት ዓመት በላይ የሆናቸው መኪኖች እንዳይገቡ ገደብ ስለ ጣለ፣ አብዛኛው መኪና የሚመጣው ወደዚያ ገደብ ሲቃረብ ነው። በውጤቱ ለኬንያዊው ገዢ «አዲስ» የሆነው መኪና ለጎማ ቱቦዎቹና ለሽቦዎቹ ጎልማሳ ነው። በዚህ ላይ አሥርና አሥራ አምስት ዓመት ሲጨመርበት ደግሞ ዛሬ የምናወራለት አሮጌ ቱርቦ ይሆናል።

ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ጉዳዩ ሌላም ክብደት አለው። ኢትዮጵያ ከ1956 ዓ.ም. ጀምሮ በመንገዱ ቀኝ የምትነዳ አገር ስለ ሆነች፣ መሪው በስተቀኝ የሆነው የናይሮቢ መኪና ለአገር ቤት መንገድ አልተሠራም። በዚያ ላይ ኢትዮጵያ በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከልክላለች። ስለዚህ ሥራው ወይም ኑሮው አልቆ የሚመለስ ሰው መኪናውን እዚሁ ይሸጣል። ሲሞቅ የሚንቀጠቀጠው መኪና በግማሽ ዋጋ ይሄዳል፤ ሕመሙ ግን ብዙ ጊዜ አንዲት የተሰነጠቀች ቱቦ ትሆናለች።

ሚኒሞና አይድል

የአገራችን የጋራዥ ቋንቋ ጣሊያን በ1928 እና በ1933 ዓ.ም. መካከል ትቶት የሄደ ቅርስ አለበት። ካንዴላ፣ ቦቢና፣ ቴስታታ፣ ጓርኒሲዮን፣ ማርሚታ፣ ሞተሪኖ፣ ፋሼታ የምንለው ሁሉ ከዚያ ነው። ሞተሩ ነዳጅ ሳይሰጡት ቆሞ የሚሠራበትን ዙርም «ሚኒሞ» እንለዋለን። የናይሮቢው መካኒክ፣ በስዋሂሊ «ፉንዲ» የሚባለው፣ ቃላቱን የወረሰው ከእንግሊዝ ነው፤ ካንዴላው «ፕላጊ»፣ ቦቢናው «ኮይል»፣ ጓርኒሲዮኑ «ጋስኬት»፣ ማርሚታው «ሳይለንሰር»፣ ሚኒሞውም «አይድል» ነው።

ከእነዚህ ባለሙያዎች ብዙዎቹ የሚሠሩት «ጁዋ ካሊ» በተባለው ዘርፍ ነው፤ ትርጉሙ «ብርቱ ፀሐይ» ማለት ሲሆን፣ ያለ ጣሪያ በፀሐይ ውስጥ የሚሠራውን የእጅ ባለሙያ ያመለክታል። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በ1972 ስለ ኬንያ የሥራ ሁኔታ ያወጣው ዘገባ ይህን ዓይነቱን መደበኛ ያልሆነ ሥራ እንደ ችግር ሳይሆን እንደ ሀብት መታየት እንዳለበት በማስረዳቱ በዓለም ላይ ትልቅ ለውጥ አምጥቷል። በኪሪንያጋ መንገድ ወይም በካሪዮባንጊ የሚገኘው ፉንዲ እንደ አዲስ አበባው የሶማሌ ተራ ባለሙያ ሁሉ በመሣሪያ እጥረት ምክንያት ጆሮውና እጁ እጅግ የሠለጠኑ ናቸው። የሚያጣው ብዙ ጊዜ ችሎታን ሳይሆን የተሟላ ነገራን ነው።

ባለ መኪናው «ይንቀጠቀጣል» ብሎ ብቻ ቢነግረው፣ ፉንዲው የሞተሩ መቀመጫ ጎማ ተበልቷል ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም። ስለዚህ ሕመሙ ከተነሣ በኋላ በስንት ደቂቃ እንደሚጀምር፣ ቆሞ ብቻ ወይስ ሲሄድም እንደሚታይ፣ የአየር ማቀዝቀዣው ሲበራ እንደሚብስ፣ የቤንዚን ሽታ ወይም ጥቁር ጭስ እንዳለው ለይቶ መንገር ያስፈልጋል። ከሐኪም ፊት የቀረበ በሽተኛ የሚናገረውን ያህል መናገር የባለቤቱ ድርሻ ነው።

ለምን ሲሞቅ ብቻ?

የዚህ ሕመም ቁልፍ ይህ ጥያቄ ነው። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ኮምፒውተሩ ይንከባከበዋል፤ ከልኩ በላይ ቤንዚን ይሰጠዋል፣ ሚኒሞውንም ከፍ አድርጎ ይይዛል። ይህ ልግስና ብዙ ጉድለት ይሸፍናል። ትንሽ አየር በቀዳዳ ቢገባ እንኳ ትርፉ ቤንዚን ያካክሰዋል። ሞተሩ ሲሞቅ ግን ልግስናው ያበቃል። ኮምፒውተሩ ሚኒሞውን ወደ 700 ወይም 800 ዙር ያወርድና፣ በጭስ ማውጫው ላይ የተተከለው ላምዳ ሴንሰር በሚነግረው መሠረት ቤንዚኑን በልክ መስፈር ይጀምራል። ላምዳ ሴንሰሩ የሚሠራው ከ300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በላይ ሲሞቅ ብቻ ስለ ሆነ፣ የእርሱ ስሕተትም የሚታየው ያኔ ነው።

በዚያ ላይ ሲሞቁ ብቻ ወደ ሥራ የሚገቡ ክፍሎች አሉ። ከቤንዚን ጋን የሚወጣውን ትነት ወደ ሞተሩ የሚያስገባው ቫልቭና ጭስን መልሶ የሚያስገባው ቫልቭ፣ ባላቸው መኪኖች ላይ፣ ሞተሩ ሳይሞቅ አይከፈቱም፤ ቆሻሻ ይዟቸው ሳይዘጉ ከቀሩ ሚኒሞውን ያበላሻሉ። ሙቀት የሚገልጣቸው ጉድለቶችም አሉ። ያረጀ ቦቢና ሲሞቅ የውስጥ መከለያው ይደክምና ብልጭታው ይዘላል። የደረቀ ጎማ ቱቦ ሲሞቅ ላልቶ ስንጥቁ ይከፈታል። የጭስ ማውጫ ቫልቭ ክፍተቱ ከጠበበ፣ ብረቱ ሲሞቅ ይረዝምና ቫልቩ በወጉ ሳይዘጋ ይቀራል፤ በዚህን ጊዜ ሲሊንደሩ መጭመቅ ያቅተዋል።

ቱርቦው ደግሞ የራሱን ይጨምራል። በተራ ሞተር ከአየር ማጣሪያው እስከ ሲሊንደሩ ያለው መንገድ አጭር ነው። በቱርቦ ሞተር ግን አየሩ በመለኪያው በኩል ካለፈ በኋላ ወደ ቱርቦው፣ ከዚያ ወደ ኢንተርኩለሩ፣ ከዚያም ወደ አየር በሩ ይዞራል። በመካከሉ ብዙ የጎማ መጋጠሚያና ፋሼታ አለ። ከመለኪያው በኋላ በስንጥቅ የገባ አየር ኮምፒውተሩ የማያውቀው አየር ነው፤ ቤንዚን አልታዘዘለትምና ድብልቁ ይሳሳል፣ ሞተሩም ይንቀጠቀጣል። ከአየር በሩ በኋላ ያለው ስንጥቅ በሚኒሞ ጊዜ አየር ወደ ውስጥ ይስባል፤ ነዳጅ ተሰጥቶት ቱርቦው ግፊት ሲፈጥር ደግሞ ያው ስንጥቅ የተለካውን አየር ወደ ውጭ ይተፋል፤ ያን ጊዜ ቤንዚኑ ይበዛና ጥቁር ጭስ ይታያል። ቆሞ በስስ ድብልቅ፣ ሲሄድ በወፍራም ድብልቅ የሚቸገር ቱርቦ መኪና ካለ እንግዲህ ጥርጣሬው በቅድሚያ በቱቦዎቹ ላይ መውደቅ አለበት።

የእርሳሱ ዘመንና የጊጊሪ ጎረቤቶች

ሩንዳ ከጊጊሪ ጋር ትዋሰናለች። በጊጊሪ ደግሞ በ1972 የተመሠረተው የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም ዋና መሥሪያ ቤት ይገኛል። ይህ ጉርብትና ከጉዳያችን ጋር የሚገናኝበት መንገድ አለ።

በ1921 በጄኔራል ሞተርስ ይሠራ የነበረው ቶማስ ሚጅሊ እርሳስ ያለበት ውሕድ ቤንዚን ላይ ቢጨመር ያለ ጊዜው መፈንዳቱን እንደሚገታ ደረሰበት። ውሕዱ የሞተሮችን ጉልበት ቢጨምርም ከጭሱ ጋር የሚወጣው እርሳስ ሰውን፣ በተለይም የሕፃናትን አእምሮ፣ የሚጎዳ መርዝ ነበር። እርሳስ የላምዳ ሴንሰርንና የጭስ ማጣሪያውን ካታሊስትም ይለብጣቸውና ያደነዝዛቸዋል። ቮልቮ በቦሽ የተሠራውን ላምዳ ሴንሰር በ1976 ወደ ገበያ ሲያወጣ ያለ እርሳስ የሚነዳ መኪና ብቻ ሊጠቀምበት የሚችል መሣሪያ ማውጣቱ ነበር። ጃፓንም በ1980ዎቹ እርሳስን ከቤንዚኗ አስወግዳለች።

ስለዚህ በ1990ዎቹ ወደ ሞምባሳ የገቡት ቱርቦ መኪኖች እርሳስ በሌለበት ቤንዚን ያደጉ ሆነው ሳለ እርሳስ ያለበትን መጠጣት ጀመሩ። ሴንሰሮቻቸው ደነዘዙ፤ የደነዘዘ ሴንሰር ዘግይቶ ስለሚናገር ኮምፒውተሩ ቤንዚኑን አንዴ ሲያበዛ አንዴ ሲያሳንስ ሚኒሞው ይወጣና ይወርድ ነበር። መካኒኮችም በችግር ዘመን የሚደረገውን አደረጉ። የሴንሰሩን ሽቦ ነቀሉ፣ ካታሊስቱን አወጡ፣ በእጃቸው ሌላ መፍትሔ አልነበራቸውምና።

የአፍሪካ አገሮች በሰኔ 2001 በዳካር ተሰብስበው እርሳስን ለማስወገድ ተስማሙ። በ2002 የተቋቋመውና በጊጊሪው መሥሪያ ቤት የሚመራው ኅብረት ሥራውን ገፋበት፤ በጥር 2006 ከሰሃራ በታች ያሉ አገሮች፣ ኬንያም ጭምር፣ እርሳስ ያለበትን ቤንዚን አቆሙ። በሐምሌ 2021 አልጄሪያ የመጨረሻዋ ሆና ስታቆም፣ ድርጅቱ በነሐሴ 30 ቀን 2021 የእርሳስ ቤንዚን ዘመን በዓለም ላይ ማብቃቱን አስታወቀ። እርሳሱ ሄደ፤ የተነቀለው ሽቦና «ሴንሰሩን ንቀለው» የሚለው ልማድ ግን በብዙ አሮጌ መኪና ውስጥ ቀርቷል። አሮጌ ቱርቦ የገዛ ሰው የመጀመሪያ ሥራው በቀድሞው ባለቤት ዘመን ምን እንደ ተነቀለ መመርመር ይሁን።

መጽሐፉ የተጻፈው በባሕር ዳር ነው

አንድ ሌላ የስሕተት ምንጭ ከፍታችን ነው። ናይሮቢ ወደ 1,700 ሜትር፣ አዲስ አበባ ወደ 2,350 ሜትር ከባሕር ጠለል በላይ ናቸው። በናይሮቢ የአየር ግፊቱ በባሕር ጠለል ካለው ከ5 እጅ 4ቱ፣ በአዲስ አበባ ደግሞ ከ4 እጅ 3ቱ ያህል ነው።

የፋብሪካው የጥገና መጽሐፍ ግን ቁጥሮቹን የሚሰጠው ለባሕር ጠለል ነው። ጤነኛ ሞተር በሚኒሞ ጊዜ በቫኩም መለኪያ ላይ ከ18 እስከ 22 ኢንች ያሳያል ይላል። በየ300 ሜትሩ አንድ ኢንች ያህል ስለሚቀነስ፣ በናይሮቢ ከ12 እስከ 16 ያለው፣ በአዲስ አበባ ከዚያም ዝቅ ያለው ጤነኛ ሊሆን ይችላል። የሲሊንደር መጭመቂያ ልኬትም እንዲሁ ነው፤ መጽሐፉ 12 ባር ካለ ናይሮቢ ላይ 10 ገደማ፣ አዲስ አበባ ላይ 9 ገደማ ቢገኝ ሞተሩ አልቋል ማለት አይደለም። ይህን ያላገናዘበ ሰው ደኅናውን ሞተር «ቴስታታው ይውረድ» ብሎ ይፈርድበታል። ትክክለኛው ዘዴ ሲሊንደሮቹን ከመጽሐፉ ይልቅ እርስ በርሳቸው ማወዳደር ነው። ሦስቱ 10 ባር ሆነው አንዱ 7 ቢሆን ሕመሙ እዚያ ነው። ልኬቱም ሞተሩ ሞቆ ሳለ መወሰድ አለበት፤ የሚፈለገው ሲሞቅ የሚታየው ጉድለት ነውና።

የምርመራው ቅደም ተከተል

በመጀመሪያ ጆሮ ይቀድማል። መንቀጥቀጡ እንደ ሰዓት ምት የተስተካከለ ከሆነ አንድ ሲሊንደር አልሠራም ማለት ነው። ዙሩ የሚወጣና የሚወርድ ከሆነ ግን የአየር ወይም የሴንሰር ጉዳይ ነው። በሱባሩ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ በቀድሞዎቹ ሞዴሎች የጭስ ማውጫ ቱቦዎቹ ርዝመት እኩል ስላልነበረ ድምፁ በተፈጥሮው ይንዶቀዶቃል። ድምፁ ሕመም ሳይሆን ጠባይ ነው፤ መርፌው ጸንቶ ከቆመ አይመርመሩት።

ያልሠራውን ሲሊንደር ለማወቅ የኢንጄክተሮቹን ሶኬት በየተራ መንቀል ይሻላል። ሲነቀል ለውጥ የማያመጣው ሲሊንደር በሽተኛው ነው። የካንዴላውን ሽቦ መንቀል ግን ያልተቃጠለ ቤንዚን ወደ ጭስ ማውጫው ስለሚልክ ቱርቦውንና ካታሊስቱን ይጎዳል። በሽተኛው ከታወቀ በኋላ ቦቢናውን ከጎረቤቱ ሲሊንደር ጋር ማቀያየር ነው። ሕመሙ ቦቢናውን ተከትሎ ከሄደ አዲስ ቦቢና ይገዛል፤ ካልተከተለ ገንዘቡ ተረፈ።

ሁለተኛው አየር ነው። የፍሬን ማገዣውን፣ የሞተሩን ትንፋሽ ማውጫና የቤንዚን ትነቱን ቱቦዎች አንድ በአንድ በማፈን ለውጥ መኖሩን ማየት ይቻላል። ለረቂቁ ስንጥቅ ደግሞ ሞተሩ ጠፍቶ፣ ከቱርቦው በፊት ያለው መግቢያ ተደፍኖ፣ አንድ ባር ሳይሞላ በቀላል ግፊት አየር ሲሞላና የሳሙና ውሃ ሲቀባ አረፋው ስንጥቁን ያሳያል። በጋራዦች የተለመደው፣ ተቀጣጣይ ፈሳሽ በሚሠራ ሞተር ላይ እየረጩ የዙሩን ለውጥ ማዳመጥ፣ በቱርቦ መኪና ላይ መደረግ የሌለበት ነገር ነው። የቱርቦው ብረት ፈሳሹን ለማቀጣጠል ይበቃል፤ የሚነደውም መኪናው ብቻ ላይሆን ይችላል።

ሦስተኛው የውሃው ሙቀት ሴንሰር ነው። በብዙ የጃፓንና የአውሮፓ መኪኖች ላይ በ20 ዲግሪ ከ2,000 እስከ 2,500 ኦም፣ በ80 ዲግሪ 300 ኦም ገደማ ያሳያል። ሞቆም ብዙ ሺህ ኦም ካሳየ ኮምፒውተሩ ሞተሩ ገና ቀዝቃዛ ነው ብሎ ያምናልና ቤንዚኑን ያበዛል። የቤንዚን ሽታና የጠቆረ ካንዴላ ምልክቱ ነው። ዋጋው ዝቅተኛ ስለ ሆነ ሌላ ነገር ሁሉ ከተለወጠ በኋላ መታሰቡ ያሳዝናል።

አራተኛው የኮምፒውተሩን መዝገብ ማንበብ ነው። አንድ ወጥ የሆነው የመመርመሪያ ሶኬት በአሜሪካ በ1996፣ በአውሮፓ ለቤንዚን መኪኖች በ2001 ግዴታ ሆነ፤ ከዚያ በፊት የነበሩት ብዙ የጃፓን መኪኖች በመሪው ሥር ያሉትን ሁለት ገመዶች በማገናኘት በመብራት ብልጭታ ኮዳቸውን ይናገራሉ። ኮምፒውተሩ ቤንዚኑን በመቶ ስንት እየጨመረ ወይም እየቀነሰ እንደ ሆነ የሚያሳየው ቁጥር ከኮዱ ይበልጣል። በሚኒሞ ከ10 በመቶ በላይ እየጨመረ፣ ዙሩ ከፍ ሲል ወደ ዜሮ ከተመለሰ አየር ይገባል ማለት ነው። በሚኒሞ እየቀነሰ ከሆነ የሚያንጠባጥብ ኢንጄክተር ወይም የተቀደደ የቤንዚን ግፊት መቆጣጠሪያ ይጠረጠራል፤ ከመቆጣጠሪያው የሚወጣው ቀጭን ቱቦ ቤንዚን ከሸተተ ነገሩ አለቀ። አየሩን በመለኪያ ሳይሆን በግፊት የሚገምቱ ሞተሮች ግን ለስንጥቅ የሚሰጡት ምላሽ የተለየ ነው፤ ሚኒሞው ከፍ ይላል እንጂ ድብልቁ ብዙም አይሳሳም።

የአየር መለኪያው ሽቦ በናይሮቢ አቧራና ዘይት በተቀባ የጥጥ ማጣሪያ ምክንያት ይቆሽሻል፤ የሚኒሞው አየር ቫልቭም ከሞተሩ ትንፋሽ በሚመጣ ዘይት ይጣበቃል። ሁለቱም ተገቢ በሆነ ማጽጃ ሊጸዱ ይችላሉ። ይህ ሁሉ ተደርጎ ካልተገኘ ነው የመጭመቂያ ልኬትና የቫልቭ ክፍተት የሚመጡት። ኮምፒውተሩን መጠርጠር የመጨረሻው ነው።

ምርመራ ሥራ ነው

ይህ ሕመም የምቾት ጉዳይ ብቻ አይደለም። በአደባባይ መካከል የጠፋ ሞተር የመሪውንና የፍሬኑን ማገዣ ይዞ ይጠፋል። ያልተቃጠለ ቤንዚን ቱርቦውን ያግላል፣ መንገድ ዳር ቆሞ አውቶቡስ የሚጠብቀውም ሕዝብ ይተነፍሰዋል።

ከሁሉ በላይ መለወጥ ያለበት ልማድ ለዕቃ እየከፈሉ ለምርመራ አለመክፈል ነው። ፉንዲው ሁለት ሰዓት ቱቦ ሲፈትሽ ቆይቶ አንዲት ፋሼታ ቢያጠብቅና ቢድን፣ ባለ መኪናው «ምን ለወጥክና?» ብሎ ዋጋ ያንቋሽሽበታል። ሰባት ዕቃ ለውጦ ባያድነው ግን የዕቃውንም የእጁንም ይከፍለዋል። እንዲህ እየተከፈለው መገመትን የተማረ መካኒክ ቢገምት የሚደንቅ አይደለም። ለሁለት ሰዓት ምርመራ ተገቢውን ዋጋ አስቀድሞ ተስማምቶ መክፈል፣ ከዚያም የተለካውን ቁጥር በወረቀት አስጽፎ ማስቀመጥ ለባለቤቱም ለፉንዲውም ይጠቅማል። መኪናው በሚሸጥበት ቀን ያ ወረቀት ለገዢው ይታያል፤ ዋጋውንም ያስከብራል።